ከሞያሌ ማዶ፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት

የጤና ባለሙያዋ ቢጫ ካርዱን ገልጣ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «ክትባቱን ከወሰደ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ አራት ቀን ይቀረዋል» አለች።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ከሐዋሳ ተነስተን፣ በዲላና በያቤሎ አድርገን ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ሞያሌ አደርን፤ ሐሙስ ጠዋት ድንበሩ ላይ ተሰልፈናል። ለወንጌል አገልግሎት ወደ ኬንያዋ ማርሳቢት የምንሄድ ዘጠኝ ሰዎች ነን። የስምንታችን ካርድ ደህና ነው። የዘጠነኛው፣ ኪቦርድ የሚጫወትልን የሃያ ዓመት ወንድማችን፣ ፓስፖርቱ ስለዘገየበት ክትባቱን የተወጋው በመጨረሻው ሳምንት ነበር። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ነርስ አብራን እያለች እንኳ የሁሉም ሰው ካርድ መኖሩን ቆጠርን እንጂ የተጻፈበትን ቀን አላየንም። ልጁ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሴትየዋ አልተቆጣችም፣ አላመናጨቀችንም። ሕጉን ነገረችን፤ ልክ ነበረች።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቡድናችን መሪ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጁ አጠገብ አስቀመጡ። «እኔ ከሱ ጋር እቀራለሁ። ሰኞ እንደርስባችኋለን። አንቺ ሌሎቹን ይዘሽ ሂጂ» አሉና የወጪ ደብተሩን፣ ሽልንግ ያለበትን ፖስታና የሚቀበሉንን ፓስተር ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ሌላ ሰው ይቅር፤ እርስዎ እኮ መሪ ነዎት» ብንላቸው፣ «ብቻውን ከቀረ አፍሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ አይወጣም» አሉን። በድራማችን ውስጥ አባትየውን የሚጫወቱትም እሳቸው ነበሩ፤ በዚያች ሰዓት ግን ስለ ድራማ ያሰበ የለም።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከአገር ወጥቼ አላውቅም ነበር። ስድስት ሰው ይዤ ድንበር ስሻገር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ከተመለስን ወዲህ ለአገልግሎት ወደ ኬንያ፣ ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ለመውጣት የሚዘጋጁ ቡድኖች ጠርተው ይጠይቁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ሻንጣና ስለ ገንዘብ ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን እንድትይዙልኝ የምፈልገው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንደምታሳልፉ ነው፤ ስሕተት የሠራነውም የተባረክነውም እዚያ ላይ ነው።

ወረቀቱን ላስቀድም። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ውሰዱ። አንዴ ከተወጋችሁ ካርዱ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ የጉዞው ቀን እስኪቆረጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ፓስፖርት እንዳወጣችሁ ሂዱ። ኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ አንጠየቅም፤ ሆኖም አሠራር ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። የሚቀበላችሁ ቤተ ክርስቲያን ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከአገሩ ኢሚግሬሽን አስቀድሞ ይጠይቅላችሁ፤ በማኅተም የተደገፈ የጥሪ ደብዳቤም ይላክላችሁ። «ለምን መጣችሁ?» ስትባሉ እውነቱን ተናገሩ። ወንጌል ይዞ የሚሄድ ሰው ጉዞውን በውሸት ሊጀምረው አይገባም። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር ሠራተኞች አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚሠሩ መውጫውንም መግቢያውንም ማኅተም እዚያው ትጨርሳላችሁ። የደብዳቤው፣ የፓስፖርቱና የቢጫ ካርዱ ፎቶ ኮፒ ከመሪው ሌላ በአንድ ሰው እጅ ይኑር። ያን ቀን ጋሼ ሲቀሩ ሁሉም ወረቀት በእሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ሰልፍ መሃል መሬት ላይ አራግፈን ነው የተከፋፈልነው።

ማዶ የጠበቀን የፓስተሩ ልጅ ገና ሰላም ሳይለን ጓዛችንን አይቶ ሣቀ። ዳቦ ቆሎው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ጫማው፣ ሁሉም በፌስታል ነው የታሰረው። ኬንያ የፌስታል ከረጢት ከከለከለች ቆይታለች፤ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። አውቶቡስ ከመሳፈራችን በፊት እዚያው መንገድ ዳር ሁሉንም ፈታን። በሶው ወደ ትራስ ልብስ ገባ፣ ድርቆሹ በአንዷ እህታችን ነጠላ ተጠቀለለ፣ ጫማው በማዳበሪያ። እናንተ ከቤታችሁ ስትነሱ በጨርቅ ከረጢት አዘጋጁት።

መኪናው በግራ በኩል ነው የሚሄደው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዓይን ግን በዕውቀት አይታዘዝም። አስፋልት ስሻገር እንደለመድኩት ወደ ግራ ብቻ አይቼ አንድ እግሬን አወረድኩ፤ አንዲት የማላውቃት ተማሪ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። የሞተር ብስክሌቱ ንፋስ ፊቴን መታኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ቀኝ እያየን መሻገር ጀመርን።

ከሞያሌ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ ደረቅ ሜዳ፣ ግመል፣ ጥቁር ድንጋይ። ከተማው ግን ተራራ ላይ ስለሆነ በነሐሴ ጭጋግ ለብሶ ጠበቀን። ሹራብ ያልያዘ ሰው እዚያ ማታ ገባው። ፓስተሩና ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው «ካሪቡ፣ ካሪቡ» እያሉ ተቀበሉን። ሴቶቹ አራታችን ሳሎናቸው ውስጥ፣ ወንዶቹ ሦስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ክፍል እንድንተኛ ተዘጋጅቷል። ፍራሾቹ አንሶላ ለብሰዋል። በኋላ እንደሰማሁት ከየምእመኑ ቤት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ያን ሌሊት መሬት ላይ የተኙ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ለራት ኡጋሊ ቀረበ። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ የእኛን ገንፎ የሚመስል፣ ግን ጠንከር ያለና ቅቤም በርበሬም የሌለው ነው። አጠገቡ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት የተጠበሰ ጎመን አለ፤ ስሙ «ሳምንቱን መግፊያ» እንደማለት ነው፣ እጅ ሲያጥር ሳምንቱን የሚያደርስ ምግብ። እማማ እያልን የምንጠራቸው የፓስተሩ ባለቤት በእጃቸው እየቆረሱ እንዴት በመዳፍ ድቡልቡል ተደርጎ መሃሉ በአውራ ጣት እንደሚጎደጎድ አሳዩን። ይሄኔ ከመካከላችን አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ የሚጥሚጣ ብልቃጥ አወጣች። ገና አልቀመሰችም። ሳህኗ ላይ ስትነሰንስ የእማማን ፊት አየሁት። ምንም አላሉም። ብቻ ለመድገም ያነሱትን ጭልፋ መልሰው ድስቱ ውስጥ አስቀመጡት።

እህታችን ክፉ አስባ አይደለም። እኛ ቤት ሚጥሚጣ ማውጣት ምግብ ማድመቅ ነው። ግን ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ የቀረበላቸውን እንዲበሉ ማዘዙን ስንት ጊዜ ሰብከንበታል! ማታ ከፍራሻችን ላይ ሆነን ተነጋገርንና ከአገር የያዝነውን ምግብ ሁሉ በማግስቱ ለእማማ አስረከብን፤ እሳቸው ሲፈልጉ እንዲያቀርቡት። ቅዳሜ ቁርስ ላይ በሶውን ራሳቸው በጥብጠው አመጡልን፤ ከኛ ጋር ጠጡ።

ዓርብ ጠዋት የተፈጠረው ስለ ሰዓት ነው፤ ለሚሄድ ሁሉ ስለሚጠቅም ዘርዘር ላድርገው። ሐሙስ ማታ የፓስተሩ ልጅ «ነገ ሽማግሌዎቹ ሳ ታቱ ላይ ይጠብቋችኋል» አለን። ሳ ታቱ በስዋሂሊ ሦስት ሰዓት ነው። እኛ ደግሞ «ውጭ አገር በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጠረው» ተብለን ስለመጣን፣ ሦስት ሰዓት ካሉ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለታቸው ነው ብለን አሰላን። ተረጋግተን ልብስ እናጥባለን። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ነው! የእነሱ ሦስት ሰዓት የእኛው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ብቻ ዘጠኝ ይሉታል። ሰባት ሽማግሌዎች ከየቤታቸው በእግር መጥተው አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁን። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንሄድ ተነሥተው ነው የተቀበሉን። እናንተ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነግሯችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለም «ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በፊት» አስብሏቸው።

ከዚያ የባሰው ከሰዓት በኋላ መጣ። ከሐዋሳ ስንመጣ ሁለት ካርቶን እስክሪብቶና ከረሜላ ይዘን ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያዋጣው ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ወንድሞች፣ ልባቸው የዋህ ነው፣ በር ላይ የተሰበሰቡትን ልጆች አይተው ካርቶኑን ከፍተው ማደል ጀመሩ። መጀመሪያ አሥር ልጅ ነበር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መቶ የሚሆን ሆነ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ገፉ። አንዲት የአምስት ዓመት የምትሆን ልጅ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ፤ በእጇ የያዘችውን እስክሪብቶ ሌላ ልጅ ነጠቃት። ፓስተሩ ከውስጥ ወጥተው ምንም ሳይናገሩ ካርቶኑን ዘጉ፣ ልጅቷን አንሥተው ታቀፉና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ማታ ጠሩን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እነዚህን ልጆች እኔ ነገም አገኛቸዋለሁ። እናንተ ስትሄዱ እኔ ባዶ እጄን የምቀር ሰው ሆኜ እንድታይ አታድርጉኝ። ያመጣችሁትን ለሽማግሌዎቹ ስጡ፤ እነሱ የትኛው ቤት ምን እንደጎደለ ያውቃሉ» አሉን። ሁለቱ ወንድሞች አለቀሱ። እኔም የወጪ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፣ አላስቆምኳቸውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይርጋለም አካባቢ፣ አያቴ ቤት፣ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ የአገልጋዮች ቡድን ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ነበር። ፊኛ አድለውናል፣ ዘምረዋል፣ ሰብከዋል። ምን እንደሰበኩ አላስታውስም። የማስታውሰው አንዲት ሽበታም ሴትዮ ነች። ጓሮ ገብታ አያቴ አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አያቴ እንሰት እየፋቀች ነው። ሴትየዋ አንድ ቃል ሲዳምኛ አታውቅም፣ አያቴም ሌላ ቋንቋ አታውቅም። አያቴ መፋቂያውን ሰጠቻት፣ እጇን ይዛ አሳየቻት። ጠዋቱን ሙሉ ሲፍቁ ዋሉ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያች ሴትዮ ታወራ ነበር፤ «እጇ ሰነፍ ነው፣ ልቧ ግን ቤተኛ ነው» ትል ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ረስቼው ማርሳቢት ላይ፣ እኔ ራሴ ካርቶን ተሸክሜ ከመጣሁ በኋላ፣ ትዝ አለኝ።

በእኛ በኩል የወንጌልን ታሪክ ስናስብ ብዙ ጊዜ የመጡትን ነው የምንቆጥረው። ሚስዮናውያኑ በ1920 ዓ.ም. ወደ ሲዳማ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ መጡ፣ እንላለን። ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተባርረው ሲወጡ ወላይታ ላይ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ሆነው አገኟቸው። በመሃል ያለውን ያደረጉት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እስር ቤት የገቡትም፣ ከመንደር መንደር የሄዱትም። ቅዳሜ ጠዋት ይህንን ለቡድኑ ነገርኩና «ከዛሬ ጀምሮ እስኪጠይቁን ድረስ ምንም ፕሮግራም አናቀርብም» አልኩ። ሁለት ሰው ከፋው። ሦስት ወር የተለማመድነው ድራማ፣ የታተመ ቲሸርት፣ የሰዓት ዝርዝር ይዘናል። እኔም ከፍቶኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ እማማ እናት ቤት ሄድን። ቦረና ናቸው። ነርሷ እህታችን የሻሸመኔ ልጅ ስለሆነች በኦሮምኛ ይግባባሉ። እኛ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ዕጣን፣ ሦስት ኪሎ የሲዳማ ቡና ይዘናል፤ የቡና ሥርዓታችንን ልናሳያቸው። አሮጊቷ ጀበናውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ መልሰው ሰጡንና ተነሡ። ከጓዳ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አመጡ። ጀንፈል ቡና ነው፤ ከነገለባው የደረቀ። አንድ በአንድ እያነሡ ጫፉን በጥርሳቸው ነከስ እያደረጉ ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ የቀሩት በዚያው በኩል ናቸው። ለእኔም እፍኝ ሰጡኝ። ገለባው ምላስ ላይ ይሻክራል፣ ትንሽ ይጣፍጣል። ነርሷ «ቡና ቀላ ይሉታል፣ ቡና ማረድ ማለት ነው» አለችን። ከብት ለማረድ በማይቻልበት ጊዜ ለእንግዳ የሚታረደው ይሄ ነው።

ከዚያ ብረት ድስት ውስጥ ቅቤ አቀለጡና ቡናውን ጨመሩበት። ሲንጣጣ ዝም ብለን አየን። የቡና ሽታ መስሎኝ የማውቀው ሽታ ሌላ ነበር፤ ይሄ የቅቤና የተቃጠለ ፍሬ ሽታ ነው። ወተት ተጨመረ። አሮጊቷ «ነጋ፣ ነጋ» (ሰላም፣ ሰላም) እያሉ፣ ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለእንግዳው፣ ዝናብ ለምድሩ ብለው በኢየሱስ ስም ጸለዩ። ቡናውን ከነወተቱ አቀረቡልን፣ የቀረውን ቅቤ ደግሞ በእጃችንና በግንባራችን ቀቡን። ያን ዕለት ጀበናችን ሳይፈላ ተመለሰ። ቡና ከእኛ አገር የመጣ ነው እያልን ስንኮራ የእኛው ወገን የሆነ ሕዝብ ከድንበሩ ማዶ በሌላ መንገድ ይዞት እንደቆየ አናውቅም ነበር። ስንወጣ አሮጊቷ ነርሷን ጠርተው «የሸክላውን ነገር ደግሞ ሰኞ አምጡልኝ» አሏት።

ቅዳሜ ማታ ተጣላን። ጥልን ከምሥክርነት ውስጥ ማውጣት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ቡድን በሦስተኛው ቀን ገደማ ይጣላል፤ ሲደርስባችሁም መንፈስ ቅዱስ የተለያችሁ ይመስላችኋል። የግድግዳው ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም። ለሰባት ስልክ አንድ ማገናኛ ነበረን። አንዷ እህት ቤት የተወችው ልጇ አሞታል፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። አንድ ወንድም ደግሞ የቀኑን ቪዲዮ ወደ ሐዋሳ ለመላክ ማገናኛውን ይዞ ቆይቷል። ነቀለችው። ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ሌላው ገባበት፣ ከሐሙስ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ፤ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ዕቃ እንደማያጥብ፣ ማን ማን ላይ እንደሚያዝ።

ጨለማ ውስጥ ወጥቼ ሞያሌ ላሉት ጋሼ ደወልኩ። ጸልዩ ይሉኛል ብዬ ነበር። «ራት በልታችኋል?» አሉኝ። እየተጣላን ምግቡ ቀዝቅዟል። «አብያቸውና ይተኙ። ዛሬ ማንንም ለማስታረቅ አትሞክሪ። መልአኩም ለኤልያስ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው። ጠዋት ራሳቸው ይታረቃሉ» አሉ። እንዳሉት አደረግሁ። ጠዋት ሳልነሣ ሁለቱ ውጭ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ የልጁ ትኩሳት ወርዷል። እናንተ ለሁለት ሰው አንድ የሶኬት ማገናኛ ያዙ። ለቡድኑ አንድ የኬንያ ሲም ካርድ በመጀመሪያው ቀን አውጡ፤ በፓስፖርት ነው የሚመዘገበው። ያለ ኤም ፔሳ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ጎመን ሻጯም የምትቀበለው በስልክ ነው።

ሆድ ሕመም ሁለት ሰው ያዘ። ኦ አር ኤስ ስለነበረን በአንድ ቀን ተሻላቸው። የመጠጥ ውኃ «ውኃ አጋር» በሚባለው ማከሚያ አክሙ፣ ከአስተናጋጆቻችሁ ፊት ለፊት ግን አታድርጉት።

ሆድ ስል የእሑዱ ስብከት ትዝ አለኝ። ወንጌላዊው ወንድማችን በአማርኛ ይሰብካል፣ አንዱ የእኛ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣት ወደ ስዋሂሊ። እንደተነገረን «ብዋና አሲፊዌ» ብሎ ጌታ ይመስገን ሲል ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሚና» አለ፤ ልባችን ሞቀ። ከዚያ ምሥክርነቱን ጀመረ። እናቱ ስትሸኘው እንዴት እንደነበረ ሲናገር «ሆዴ ባባ» አለ። እንግሊዝኛው ላይ ሆዴ ለሰለሰ ሆነ፤ ስዋሂሊው ላይ ምን እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ። ጉባኤው በሐዘኔታ አየው። ስብከቱ ሲያልቅ አንዲት እናት በቴርሞስ የዝንጅብል ሻይ ይዘው መጡ፤ ለሆዱ። ወንድማችን አላረማቸውም። አጠገባቸው ተቀምጦ ሁለት ኩባያ ጠጣ፣ ስለ እናቱ ነገራቸው፣ እሳቸውም ናይሮቢ ሄዶ ስለቀረ ልጃቸው ነገሩት። ረጅም ጊዜ አብረው ጸለዩ።

ከሱ የተማርነው፦ ከአስተርጓሚው ጋር ቀድማችሁ ማታ ቁጭ በሉ፣ ስብከቱን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አንብቡለት። ተረትና ምሳሌ፣ የሆድና የአንጀት ነገር ሁሉ ይውጣ። ሃያ ደቂቃ የምትሰብኩትን ሰባት ደቂቃ አድርጉት፤ በሁለት አስተርጓሚ ሃያ ይሆናል። ፎቶ የማንሣትንም ጉዳይ ያኔ ቆረጥን፤ ሰው ስሙን ሳናውቅ፣ እሱም እሺ ሳይለን አናነሣም። እኔም በልጅነቴ አፍንጫዬን ሳልጠርግ የተነሣሁት ፎቶ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት እማማን «ዛሬ ምን እንሥራ?» ብለን ጠየቅናቸው። ቢጫ ጀሪካኖች አሳዩን። ማርሳቢት ውኃ ብርቅ ነው። ሃያ ሃያ ሊትር ተሸክመን አራት ጊዜ ተመላለስን፣ ወንዶቹም ሴቶቹም። ሰልፉ ላይ ሁለት ሰዓት ስንቆም ባለፉት አራት ቀናት ከተዋወቅነው የሚበልጥ ሰው ተዋወቅን። አሮጊቷ ቤት ጀበናውን አፈላን፤ ሦስቱንም ጠጡ፣ በረካውን ድገሙኝ አሉ።

ከምሳ በኋላ ፓስተሩ መጥተው «እኔ የምለው፣ ድራማ ነበራችሁ አይደል?» አሉ።

የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር፣ በአማርኛ። ቃሉን ሁሉ አውጥተን ያለ ንግግር ሰባት ደቂቃ አደረግነው። አባትየው አልነበሩንም። ፓስተሩ ዓርብ ዕለት ሲጠብቁን ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱን ጠሩልን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በትራቸው ከእጃቸው የማትለይ አዛውንት። ነርሷ ታሪኩን በኦሮምኛ ልታስረዳቸው ስትጀምር «ዐውቀዋለሁ» አሉ። እኛ ያዘጋጀነው የፕላስቲክ ቀለበትና የተከራየነው ካባ ነበር፤ ካባው ወዴት እንደሚደረግ አሳየናቸው።

አመሻሽ ላይ አዳራሹ ሞልቷል፣ በመስኮት የሚያዩም አሉ። ልጁ አሳማ ጠብቆ፣ ተርቦ፣ ተመለሰ። ልክ በዚያች ሰዓት የኋላው በር ተከፈተና ጋሼና ኪቦርድ ተጫዋቹ ከነአቧራቸው ገቡ። ልነሣ ስል ጋሼ በእጃቸው «ተቀመጪ» አሉኝና ኋላ ወንበር ላይ ልጁን አጠገባቸው አድርገው ተቀመጡ።

አዛውንቱ በልምምዱ እንደነገርናቸው መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመው አልጠበቁም። ወርደው በጉባኤው መሃል እስከ በሩ ሄዱ። ልጁ ሲንበረከክ ካባውን አላነሡም፣ ቀለበቱንም አላስታወሱትም። የራሳቸውን በትር ለልጁ አስያዙትና ያለ ምርኩዝ፣ ክንዱን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ይዘውት ተመለሱ። ሴቶቹ እልል አሉ።